ደወል መቺው ጠበቃ

ሰው የያዘውን እንጀራ ጥሎ ሌላ ፍለጋ ሲወጣ ምክንያት አያጣም። አለቃው ክፉ ነበር፣ ሥራው ጤና ነሣው፣ ሕልም አየ፣ ደብተራ ነገረው፣ ሁሉም የሚለው አለው። እኔ ግን ይኸው ይህን ያህል ዘመን ካለፈ በኋላ እንኳ ለምን እንደሆነ ብጠየቅ የምመልሰው ይጠፋኛል። ቋሚ ሥራ ነበረኝ፤ ተውኩት። ለምን? እንጃ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴትዮ እንኳ ቢያንስ ቆጡ ላይ ያለውን በዓይኗ አይታው ነው የተንጠራራችው። እኔ ቆጥ መኖሩንም አላረጋገጥኩም ነበር። እና ምክር ፈልጋችሁ ይህን የምታነቡ ከሆነ ከአሁኑ ብትተውት ይሻላል፤ እኔ ራሴ ግራ እንደተጋባሁ ነኝ።

ነገሩ የሆነው ጣልያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ያኔ አዳማ ማለት ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት የተደረደሩ ጥቂት የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ የግሪክ ሱቅ፣ ሁለት የዓረብ ሱቅ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ግራርና አቧራ ነበረች። እኔም የጣቢያው ደወል መቺ ነበርኩ። ደወል መቺ ስላችሁ ፊታችሁን አታጨማዱ። ባቡሩ ከወለንጪቲ መነሣቱ በስልክ ሲነገር ሁለት ጊዜ እመታለሁ፤ ከእኛ ዘንድ ሊነሣ ሲል ደግሞ ሦስት ጊዜ። አለቀ። ለዚህም ወር ጠብቆ የሚመጣ ደመወዝ፣ በዓመት አንድ ጊዜ የካኪ ልብስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቀይ ጥለት ያለው ኮፍያ ነበረኝ። ሥራው ሲያዩት ትንሽ ይመስላል እንጂ አገሩ በእኔ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። መንገደኛው ስንቁን የሚቋጥረው፣ ሸኚው ለቅሶውን የሚጀምረው በእኔ ደወል ነው። ከጣቢያው በታች ባለው ማቋረጫ ከብታቸውን ወደ ኩሬው የሚነዱት ሰዎችም ሁለቱን ደወል ሲሰሙ ከብቱን ከሐዲዱ ላይ ገለል ያደርጋሉ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ቤቴም ቢሆን ባዶ አልነበረም። ባለቤቴ ዘነበች ከአባቷ ቤት ስትመጣ ወለላ የምትባል ላም ይዛ መጥታለች። ወተቷ እንደ ስሟ ነው፤ እግሯ ግን የሰይጣን ነው። ልትታለብ ስትል ትራገጣለች። ማለዳ ማለዳ እኔ የኋላ እግሯን ጥፍር አድርጌ እይዛለሁ፣ ዘነበች ታልባለች፣ ከዚያ ሁለታችንም ቁርጭምጭሚታችንን እያሸን ወደየሥራችን እንሄዳለን። ያም ሆኖ ዘነበች ስለዚያች ላም ክፉ ቃል ሲነገር አትወድም። የአባቴ ቤት ትዝታ ናት ትል ነበር።

እንግዲህ በዚያ ዘመን በመንገድ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዳኛ ነበር። ይህን ለልጅ ቢነግሩት ተረት ይመስለዋል። ሁለት ሰዎች የተካሰሱ እንደሆነ ነጠላቸውን ጫፍና ጫፉን ቋጥረው፣ ተቆራኝተው፣ ፊት ለፊት የመጣውን መንገደኛ «በሕግ አምላክ! ፍረደን!» ይሉታል። እምቢ ማለት የለም። ገበያው ቢረፍድብህም፣ ሚስትህ ምጥ ላይ ብትሆንም ቆመህ ትሰማለህ፤ ሰምተህም ትፈርዳለህ። ፍርዱ ያልጣመው ወደ ሹሙ ይሄዳል፤ የጣመው እዚያው ነጠላውን ፈትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

አንድ የገብርኤል ዕለት ስልኩ ጮኸና ባቡሩ ከወለንጪቲ መነሣቱ ተነገረኝ። ወደ ደወሉ ስራመድ ሁለት የተቆራኙ ሰዎች ከፊቴ ተገተሩ። የአንደኛው አህያ የሌላኛውን ጎጆ ክዳን ግጦ በልቶበታል። ነገሩ አምስት ቃል የሚበቃው ነበር፤ እኔም አምስት ቃል ተናግሬ ገመዴን ልይዝ አስቤ ነበር። ግን ሰው ተሰበሰበ። የተሰበሰበ ሰው ሳይ ደግሞ ምላሴ የእኔ መሆኑ ይቀራል።

«አህያ ቀና ብሎ የሚደርስበት ክዳን የቤት ክዳን አይባልም፤ ግርግም ነው!» አልኩ እጄን ወደ ሰማይ ዘርግቼ። «ባለቤቱ ጣሪያውን ከፍ ያድርግ። አህያም ጌታው በሕይወት እያለ በሰው ቤት ምሳ አይበላም፤ ጌታው ሣሩን አጭዶ ይተካ!»

ሰዉ አጨበጨበ። «አፍህ ይባረክ!» ያለኝ አለ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ራሳቸውን እየነቀነቁ «እንዲህ ያለ አፍ ይዞ ገመድ ሲጎትት የሚውል ሰው በዕድሜዬ አላየሁም» አሉ። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳኋትም። ሰውን የሚያጠፋው ስድብ ይመስላችኋል? ስድቡንማ መልሶ ይሳደባል። ሙገሳ ግን መልስ የለውም፤ ገብቶ ይቀመጣል።

እኔ ይህችን ቃል እያጣጣምኩ ሳለ ባቡሩ እያፏጨ ጣቢያው ገባ። ደወሉ አልተመታም። ሙሴ እያልን የምንጠራው ፈረንጅ የጣቢያ ሹም እንደ በርበሬ ቀልቶ ወጣና በአገሩ ቋንቋ ጮኸብኝ። አንድም ቃል አልገባኝም። እኔም ኮፍያዬን አውልቄ ደወሉ ላይ ሰቀልኩና «ከዛሬ ጀምሮ ጠበቃ ነኝ» አልኩት። እሱም አንድ ቃል አልገባውም። እንዲህ ተግባብተን ተለያየን።

ቤት ገብቼ ለዘነበች ነገርኳት። ከተጋባን ጀምሮ አንተ እያለች የምትጠራኝ ሴት ወንፊቷን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ አየችኝና «ጠበቃ ሆኑ?» አለችኝ። ሆኑ! አንቱ አለችኝ! ሥራው ገና በጠዋቱ ክብር ይዞልኝ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ሴት ባሏን በድንገት አንቱ ማለት ስትጀምር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ወተቱ ቀርቶ አሬራው ለእኔ ብቻ መቅረብ ሲጀምር ነው።

ጠበቃነቱን ጀመርኩ ማለት ከዘራ ገዛሁና ችሎት ከሚውልበት ግራር ሥር ተቀመጥኩ ማለት ነው። ባለጉዳይ የለም። አህያው ሌላ ክዳን አልበላም። ባቡር በመጣ ቁጥር ቀኝ እጄ ብቻዋን ከፍ ትላለች፤ ሰው እንዳያይብኝ ዝንብ እንደማባርር አደርጋታለሁ። በእኔ ቦታ በሻህ የሚባል ዝምተኛ የቀድሞ ወታደር ገብቶ ደወሉን ይመታል። አመታቱ ደረቅ ነው፤ ለዛ የለውም። ያ ጣቢያ ያለ እኔ ከሳምንት በላይ እንደማይቆም እርግጠኛ ነበርኩ። ቆመ።

በሦስተኛው ሳምንት ኦቦ ሮባ መጡ። ከማቋረጫው ወዲያ የሚኖሩ፣ ረጅም፣ ቃል የሚቆጥቡ ባለከብት ናቸው።

«አካም ቡልቴ፣ ጠበቃ?» አሉኝ።

«ፈያ፣ ኦቦ። እርስዎ እንዴት አደሩ?»

«እኔ ደህና አላደርኩም። ዳለቲ የምትባል ላም ነበረችኝ። አምስቱ ልጆቼ የሚጠጡት ከእሷ ነው። ባቡር ገደላት። ደወል ቢጮህ እሰማለሁ፣ ጆሮዬ ጤነኛ ነው። ያን ቀን ግን ደወል አልጮኸም። ደወል መቺውን ክሰስልኝ።»

«መቼ ነው የሆነው?»

«የገበያ ማግስት።»

እናንተ ገብቷችኋል። ፈገግ ስትሉ ይታየኛል። ለእኔ ግን፣ የሰማይ አምላክ ምስክሬ ነው፣ አልገባኝም። እኔ ቀን የምቆጥረው በታቦት ነው፤ ሥራ የለቀቅኩት በገብርኤል ነው። ኦቦ ሮባ የሚቆጥሩት በገበያ ነው። ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ አገር እየኖሩ በእኔ ጭንቅላት ውስጥ ተገናኝተው አያውቁም። እውነቱን እንናገር ከተባለ ደግሞ ላገናኛቸውም አልፈለግሁም። ልቤ ሲጠብቀው የኖረው ይህንኑ ነበር። እኔ ከለቀቅኩ በኋላ ደወሉ እንደሚበላሽ፣ ያ ዝምተኛ ወታደር ጉድ እንደሚያፈላ አውቅ ነበር! ይኸው አፈላ ብዬ በሆዴ ጨፈርኩ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች የሚሉት እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

«ገንዘብ የለኝም» አሉ ኦቦ ሮባ። «ላም ካስገኘህልኝ በየገበያው ቀን አንድ ጮጮ ወተት አመጣልሃለሁ።»

ተስማማን።

ችሎቱ የሚውለው ከግራሩ ሥር ነው። የግራር ጥላ ደግሞ ስስና ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ዳኛው ግራዝማች ጥላውን እየተከተሉ በርጩማቸውን ያዞራሉ፤ ተሟጋቹም ሰሚውም አብሮ ይዞራል። ጠዋት ጣቢያውን እያዩ የጀመሩት ሙግት ከሰዓት ተራራውን እያዩ ይፈጸማል። ኦቦ ሮባና በሻህ ተቆራኝተው ቆሙ። እኔ ነጠላዬን አጣፋሁ፣ ከዘራዬን ጨበጥኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ሰዉ ከበበን። ከፊት የቆመው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያ ባለ አህያ! የእኔን አፍ ለመስማት ብሎ ሥራ ፈትቶ መጥቷል።

ውርርድን የማታውቁ ካላችሁ ደግሞ ይህችን ላስገባ። በሙግት መካከል ቃሉን ሊያከብድ የፈለገ ሰው ይወራረዳል፤ በማር፣ በበግ፣ የጨከነ እንደሆነ በበቅሎ። ቃሉ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ወይም ቃሉን ያነሣ ውርርዱን ለዳኛው ይከፍላል። ያልተወራረደ ጠበቃ ጨው እንደሌለው ወጥ ነው። እኔ ደግሞ ያን ቀን ጨው በዛብኝ።

«ጌታዬ!» አልኩ። «ላሚቱን የገደላት ባቡር አይደለም፤ ብረት ምን ያውቃል! የገደላት ያልተመታ ደወል ነው። በዚያ ቀን ገመዱን ሊይዝ የሚገባው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ላም በላም ይተካ! ይህ እውነት ባይሆን በላሜ በወለላ እወራረዳለሁ!»

«ማንም ይሁን ማን» ያልኩት ለማሳመር ነው። ሲወጣ ደስ አለኝ፤ ሰዉም ጉም ጉም አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ አፋፉን ያየሁት ግን በሻህ ሲናገር ነው። ያ ሰው ከዘራ አላነሣ፣ ነጠላ አላጣፋ፣ እንዲያው እንደቆመ «እኔ ገመዱን የያዝኩት በገብርኤል ማግስት ነው» አለ። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሲናገር አልሰማሁትም።

ግራዝማች ወደ ኦቦ ሮባ ዞሩ። «ላምዎ የሞተችው መቼ ነው?»

«የገበያ ማግስት።»

«የትኛው ገበያ?»

«ዝናቡ መጥቶ የበተነው።»

ግራዝማች በጣታቸው ቆጠሩ። ትልቁ ጣት፣ ሌባ ጣት፣ እንደገና ከመጀመሪያው። «ዝናብ የበተነው ገበያ በአሥራ ስምንት ነው የዋለው። ማግስቱ አሥራ ዘጠኝ፣ ገብርኤል ነው» አሉ። «በገብርኤል ዕለት ገመዱ በማን እጅ ነበር?»

በዚህ መካከል ባለ አህያው እኔን የጠቀመ መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ «በእሱ እጅ ነበር፣ ጌታዬ! የእኔን ነገር ሲፈርድ ነው የዋለው። ግሩም አድርጎ ነው የፈረደ!» አለ።

ግራዝማች በርጩማቸውን ወደ ጥላው ሳብ አደረጉና «ጠበቃ፣ ቃልህን ታነሣለህ ወይስ ታጸናለህ?» አሉኝ።

እስቲ አብራችሁኝ አስቡ። ቃሌን ባነሣ ውርርዱ ይበላኛል፤ ወለላ ወደ ግራዝማች በረት ትሄዳለች። ቃሌን ባጸና ደወል መቺው ላም ይተካል፤ ደወል መቺው እኔ ነኝ፤ ወለላ ወደ ኦቦ ሮባ በረት ትሄዳለች። በዚህም ብል ላሚቱ ትሄዳለች፣ በዚያም ብል ላሚቱ ትሄዳለች። እኔ የማን ጠበቃ ነኝ? ጠላቴስ ማን ነው? ወደ ኦቦ ሮባ አየሁ። ተቆጥተው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። እሳቸው ግን ሲያዩኝ የነበረው ሰው ጠበቃውን እንደሚያይ ነው፤ አሁን ምን ይልልኝ ይሆን እያሉ። ያኔ አፈርኩ። እኔ ስለ አህያ ምሳ ስቀኝ የአምስት ልጆች ምሳ ሐዲድ ላይ ወድቆ ነበር። ሰው ሲያጨበጭብልኝ የከብቷን ጩኸት እንኳ አልሰማሁም። ይህን ሳስበው ዛሬም ያመኛል።

«አጸናለሁ» አልኩ።

«ተከሳሹስ ምን ይላል?»

ሄጄ የበሻህን ነጠላ ከኦቦ ሮባ ነጠላ ፈታሁና የእኔን ቋጠርኩ። ከገዛ ባለጉዳዬ ጋር የተቆራኘ ጠበቃ አይታችሁ ታውቃላችሁ? «ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩ በተከሳሽ ወገን ቆሜ። ከዚያ ደግሞ እንደተቋጠርኩ ወደ ከሳሽ ወገን ዞር አልኩና «ሰምተዋል፣ ጌታዬ፤ አምኗል!» አልኩ። ልምድ ሆኖብኝ ከዘራዬንም አነሣሁ። ሰዉ መሳቅ ይሁን ማልቀስ ቸገረው።

ግራዝማች «ጠበቃው ረቷል፣ ደወል መቺው ተረቷል። ሁለቱም ወደ ቤታቸው ይሂዱ» ብለው ፈረዱ።

ሁለታችንም ወደ ቤታችን ሄድን። ኦቦ ሮባ ከኋላችን ተከተሉ። ዘነበች ወሬው ቀድሞ ደርሷት ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። በራሷ ላም መወራረዴን የሰማች ሴት ምን ታደርጋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። ምንም አላደረገች። ወለላን ግንባሯን ዳበሰቻት፣ ጆሮዋ ሥር አንድ ነገር ነገረቻት፣ ከዚያ ገመዷን በገዛ እጇ ለኦቦ ሮባ ሰጠች። «የልጆች ነገር ከሆነ ይሁን» አለች። ወደ እኔ ዞራ ደግሞ «እርስዎ ግን አያናግሩኝ» አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። በዚያ ሁሉ ኀዘን መካከል የላሚቱን የእግር ነገር ማንም አላነሣም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት ለጠላቴም አይስጠው። ግማሹ ሰው «ለራሱ እንኳ ያላዳላ ጠበቃ!» ይለኛል፤ ግማሹ «በራሱ ላይ ያስፈረደ ሰው እኛንማ ምን ያደርገን ይሆን?» ብሎ መንገድ ያሳብራል። አንድ ቀን እግሬ ወደ ጣቢያው ወሰደኝ። ኮፍያዬ በበሻህ ራስ ላይ ነው፤ ከእኔ ይልቅ ለእሱ ልክ ሆኖታል። ተመለስኩ። ከግራሩ ሥር ተቀመጥኩ። ረቺ ነኝ ወይስ ተረቺ? ሥራ አለኝ ወይስ የለኝም? ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ «ጠበቃ ነኝ» እላለሁ፤ ድምፄ ግን እንደ ጥያቄ ነው የሚወጣው።

የገበያው ቀን ደረሰ። ማለዳ ከዘነበች ጋር ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠን ሳለ ደጃፉ ላይ ኮቴ ተሰማ። ኦቦ ሮባ ናቸው። በአንድ እጃቸው ጮጮ፣ በሌላው ምርኩዝ ይዘዋል። ምርኩዝ ይዘው አይቻቸው አላውቅም።

«ቃል ቃል ነው፤ የጠበቃ ዋጋህ» ብለው ጮጮውን አስቀመጡ። ሽታው ብቻ በቃኝ፤ የወለላ ወተት ነው። በላሜ ወተት ደመወዝ ተከፈለኝ ማለት ነው።

«ኦቦ፣ እግርዎን ምን ሆኑ?» አለች ዘነበች።

ኦቦ ሮባ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ቁርጭምጭሚታቸውን አሹ። ያቺን አስተሻሸት እኔም ዘነበችም እናውቃታለን።

«ላሚቱ ረገጠችኝ። ሚስቴንም ረገጠች» አሉ። «በእኛ ዘንድ ተራጋጭ ላም የሚሰጥ ሰው አስቀድሞ ይናገራል። ይህ ሰው አልተናገረም። ስለዚህ ልከስ ነው።»

«ማንን?» አልኩ፤ ማንን እንደሆነ እያወቅሁ።

«የላሚቱን የቀድሞ ባለቤት። ጥሩ ጠበቃ አለኝ፤ ያን ሰውዬ አንድ ጊዜ ረትቶታል።»

ፊታቸው ላይ አንዲትም ፈገግታ አልነበረችም። ይቀልዱ ይሁን የምራቸውን፣ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ጠይቄ አላገኘሁትም። ወደ ዘነበች ዞርኩ። ሥራ ከለቀቅኩ ጀምሮ ጥርሷን አይቼ አላውቅም ነበር፤ አሁን ከንፈሯን ነክሳ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ተነሥታ ከጮጮው በዋንጫ ቀዳችና እጄ ላይ አኖረችው።

«በል፣ አንተ ሰውዬ» አለችኝ፣ «ጠጣና ተሟገት።»

ከጣቢያው በኩል ሁለት ጊዜ ደወል ተመታ። ቀኝ እጄ ልትነሣ ስትል ዋንጫው ከበዳት። ጠጣሁ።